በባሕር ላይ ስለሚንሳፈፈው የበረዶ ተራራ

ሰም ይሁን ቅቤ፥ ወይም በእሳት የቀለጠ እርሳስ፥ ቀዝቅዞ ሲረጋ ይዘቱ ስለሚጠብብ፥ የረጋው ክፍል ገና ፈሳሽ ሆኖ በቀረው ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በፈሳሾች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት ይህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለሰው ቅርብ የሆነው ውኃ ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ባሕርይ ተሰጥቶታል፤ ቁር እየበረታበት ሲሄድ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደ ሌሎቹ ይኮማተርና፥ ከዚያ በታች ሲወርድ ተመልሶ መስፋት ይጀምራል፤ ወደ በረዶነት በሚለወጥበት ጊዜም ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል። ምክንያቱም ሞለኪውል የሚባሉት የውኃ ረቂቃን ክፍሎች፥ ውኃው ፈሳሽ ሳለ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ሲዘዋወሩ፥ በረዶ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በተወሰነ ርቀት ተያይዞ፥ ስድስት ማዕዘን ያለው፥ በመካከሉም ባዶ ስፍራ የተረፈበት መዋቅር ስለሚሠሩ ነው።

እንግዲህ አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ በረዶ 917 ኪሎ ግራም ሲመዝን፥ ያንኑ የሚያህል ጨዋማ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ የነበረው ሊቅ አርኪሜዲስ እንዳስረዳው፥ የሚንሳፈፍ አካል የገዛ ክብደቱን የሚያህል ውኃ ከስፍራው እስኪያስለቅቅ ድረስ ይሰጥማል፤ ስለዚህ የበረዶው ተራራ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል በቀላዩ ውስጥ ሰውሮ አንዱን እጅ ብቻ ለፀሐይ ያሳያል። መርከበኛው ተራራ ብሎ የሚጠራው ይህንኑ አንድ እጅ ነው፤ የተራራውን መንገድና ጠባይ የሚወስነው ግን የተሰወረው ነው።

ብዙ ሰው ይህ ተራራ ከባሕሩ ውኃ ረግቶ የተሠራ ይመስለዋል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተወለደው በየብስ ነው። በግሪንላንድና በደቡብ ዋልታ ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ለስላሳ በረዶ፥ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበና እየተጫነ ጠንካራ ግግር ይሆናል፤ ግግሩም በገዛ ክብደቱ እየተገፋ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጫፉ ከባሕር ሲደርስ እየተገመሰ ይወድቃል። ስለዚህ ውኃው ጨው የሌለበት፥ ሊጠጣ የሚችል ነው። ገና ሲደራረብ በመካከሉ የታፈነው ጥንታዊ አየርም እስከ መቅለጫው ቀን አብሮት ይኖራል፤ በጀልባ ቀርቦ ጆሮውን የሚያዘነብል ሰው፥ ያ አየር ከጭነቱ እየተፈታ ሲፈነዳ፥ ቅቤ ሲነጠር የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ይሰማል። አየር የበዛበት በረዶ ነጭ ሆኖ ሲታይ፥ ከግግሩ ጥልቅ የመጣውና አየሩ ከጭነት ብዛት የተጨመቀበት ግን ሰማያዊ ነው።

በግሪንላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በኢሉሊሳት ከተማ አጠገብ ያለው ግግር ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሁሉ ብዙ የበረዶ ተራሮችን ከሚያፈሩት ዋነኛው ነው። ከእርሱ የሚገመሱት ተራሮች ግን ወዲያው ወደ ሰፊው ባሕር አይወጡም፤ ፊዮርድ በሚባለው ጠባብ የባሕር ሰርጥ አፍ ላይ ግግሩ ራሱ በጥንት ዘመን ያከማቸው የድንጋይና የአፈር ጉብታ ከውኃው ሥር ስላለ፥ ትልልቆቹ ግርጌያቸው እርሱን ነክሶ ቀልጠው ወይም ተሰብረው እስኪያንሱ ድረስ እዚያው ተሰልፈው ይቆያሉ። ሲለቀቁም መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሰሜን መሆኑ የሚያስደንቅ ነው፤ የባሕር ሞገድ በግሪንላንድ ዳርቻ ወደ ላይ ወስዶ፥ በባፊን ባሕር አዙሮ፥ በላብራዶር በኩል ወደ ደቡብ ያወርዳቸዋል፤ ጉዞውም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከኒውፋውንድላንድ በታች እስከ መርከቦች ጎዳና የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቍጥራቸውም ከዓመት ዓመት እጅግ ስለሚለያይ፥ በአንዱ ዓመት አንድ እንኳ ሳይታይ በሌላው ከ2,000 ይበልጣል።

በዚህ ጉዞ ነፋስ ያለው ሥልጣን አነስተኛ ነው፤ እርሱ የሚገፋው ያንን አንድ እጅ ሲሆን፥ ዘጠኙን የያዘው የታችኛው የባሕር ፍሰት ነውና። ከባሕሩ ፊት የረጋውና ስስ የሆነው በረዶ በነፋስ ወደ አንድ ወገን ሲነዳ፥ የበረዶው ተራራ ያንኑ ስስ በረዶ እየሰነጠቀ ወደ ተቃራኒው ወገን ሲሄድ የሚታየው ስለዚህ ነው። ውኃው ጥልቀት በሌለው ስፍራም ግርጌው የባሕሩን ወለል እያረሰ ያልፋል፤ በላብራዶርና በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ትልም ሞልቷል።

ይልቁንም የሚያስፈራው መገልበጡ ነው። ማዕበል በውኃው መስመር ዙሪያ ወገቡን እየቦረቦረ፥ ሞቅ ያለ ውኃም ግርጌውን እየበላ ሚዛኑን ሲያናጋው፥ ለወራት ጸንቶ የቆየው ተራራ ድንገት ዘንበል ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል፤ በውኃ የለዘበው ሰማያዊ ሆዱም ወደ ላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ማዕበል ትንሽ ጀልባን ይገለብጣል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ዓሣ አጥማጅ ተራራው ምንም ጸጥ ያለ ቢመስል ርቆ ይዞራል።

ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሚያዝያ 6 ቀን 1904 ዓ.ም.፥ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ከእንዲህ ያለው ተራራ ጋር ተጋጨች። ጨረቃ አልነበረም፤ ባሕሩም ፍጹም ጸጥ ብሎ ስለ ነበር፥ በተራራው እግር ሥር ማዕበል ሲሰበር የሚታየው ነጭ አረፋ ጠባቂዎቹን አላስጠነቀቀም። ቀኝ ጎኗ ከውኃው መስመር በታች ተላቀቀ፤ 8 ሰዓት ከ20 ሲሆን ሰጠመች፤ ከ1,500 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። ከዚህ በኋላ በጥር ወር 1906 ዓ.ም. በለንደን በተፈረመው ውል፥ የበረዶ ተራሮችን እየተከታተለ ለመርከቦች የሚያስታውቅ ዓለም አቀፍ የጥበቃ ክፍል ተቋቋመ፤ ሥራውን የአሜሪካ ባሕር ጠባቂዎች ዛሬም ይፈጽሙታል።

የደቡብ ዋልታ ልጆች ግን ከእነዚህ የተለዩ ናቸው፤ ጫፋቸው የሾለ ሳይሆን አናታቸው እንደ አምባ የተስተካከለ ነው። በመጋቢት ወር 1992 ዓ.ም. ከሮስ የበረዶ ጠረፍ የተገመሰው 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስለ ነበረው ከጣና ሐይቅ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ1978 ዓ.ም. የተገመሰው ሌላው ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ግርጌው የዌዴልን ባሕር ወለል ስለ ነከሰ፥ ከ30 ዓመት በላይ በአንድ ስፍራ ቆሞ በ2012 ዓ.ም. መንቀሳቀስ ጀመረ።

ይህን ሁሉ የሚጠጣ ውኃ ወደ ተጠማው ምድር ለመጎተት የተመኙ አልጠፉም። የሳዑዲው ልዑል ሙሐመድ አል ፋይሰል ከደቡብ ዋልታ አንዱን ወደ ዓረብ አገር ለማስመጣት አስበው፥ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ በአይዋ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ጉባኤ ተደረገ፤ ከአላስካም በአውሮፕላን የበረዶ ቍራጭ መጣ። በምድር ወገብ ያለው ሙቀት ብዙ አከራከረ፤ እኔ ግን ከሙቀቱ ይልቅ ጥልቀቱ የሚከብድ ይመስለኛል። ከባብ ኤል መንደብ አልፎ ወደ ቀይ ባሕር የሚገባ ሁሉ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ የሚሻገረው ወለል 140 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት አለው፤ ግርጌው 200 ሜትር የወረደ ተራራ ሳይቀልጥ እዚያ ቢደርስ እንኳ ወደ ውስጥ አይዘልቅም ነበር።