ሐራራ ከየት ይመጣል?



በድሬ ዳዋ ቀትር ሲሆን ፀሐይ ትበረታለች፤ ገበያው ጭር ይላል። ከአወዳይ በኩል የሚመጣውን ጫት የሚጠባበቅ ሰው ግን ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም። ያዛጋል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ሥራውም አይያዝለትም። ይህን ጭንቀት ያገሩ ሰው «ሐራራ» ይለዋል። ሐራራ የፈቃድ ድካም ብቻ ነውን? ወይስ ሥሩ ከሥጋችን ውስጥ ነው?

በአንጎላችን ያሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ቅመም በመላላክ ነው። ጉጉትን የሚቀሰቅሰው ቅመም ዶፓሚን ይባላል፤ ስሜትንና እንቅልፍን በልክ ለመያዝ የሚረዳው ደግሞ ሴሮቶኒን ነው። ቅመሙ እንደ ቁልፍ ሲሆን፣ በተቀባዩ ሕዋስ ላይ በልኩ የተሠራ በር ይገኛል። ለሴሮቶኒን ብቻ 14 ዓይነት በሮች ታውቀዋል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላም ላኪው ሕዋስ ቅመሙን መልሶ ይሰበስባል።

ኮኬይን የተባለው ዕፅ ይህን መሰብሰቢያ ስለሚዘጋ ሁለቱም ቅመሞች ከልክ በላይ ይከማቻሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን ዶፓሚን ከጎተራው እንዲፈስ ያደርጋል። ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማ ቅመም ይለወጣል፤ የጫት መኪና እንዲያ የሚጣደፈውም ስለዚሁ ነው። ጫት ከኮኬይን ይልቅ ደካማ ቢሆንም የሁለቱ መንገድ ይቀራረባል።

እንግዲህ የሴሮቶኒን በሮች ሥራቸው አንድ አይደለም። በአይጦች ላይ በተደረገው ምርመራ «2ሲ» የተባለው በር ሲከፈት የዶፓሚን ፍሰት ረገብ ይላል፤ አይጦቹም ኮኬይን መፈለግን ይቀንሳሉ። «2ኤ» የተባለው በር ሲዘጋ ደግሞ ወደ ተዉት ዕፅ ለመመለስ ያላቸው ጉጉት ይቀንሳል። አንዱ ልጓም፣ ሌላው አለንጋ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው አይሠራም፤ ለኮኬይን ሱስ በዚህ መንገድ የጸደቀ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

ይህ ዕውቀት ለቤተ ሰባችን ምን ይጠቅማል? ሱስ የያዘውን ወንድማችንን ሰነፍ እያልን መስደብ በሽታውን ከማስደበቅ በቀር እንደማይረዳው ያስተምረናል። ለመተው የቈረጠም ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢከፋውና ቢደክመው ተስፋ አይቊረጥ፤ አንጎል ወደ ልኩ የሚመለሰው በጊዜ ነው። ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር መሞከር ግን በአንድ ሱስ ላይ ሌላ መጨመር ነው። ምግብና እንቅልፍ ያዘውትር፤ ሐኪምም ያማክር። ቀስ በቀስ እንቊላል በእግሩ ይሄዳልና።