ኮቫሪያንስ እና ኮሪሌሽን፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ስለሚለዋወጡ ነገሮች ይናገራሉ። ታዲያ ለምን ሁለት አስፈለጉ? በምሳሌ እንየው።

ሂሳቡ እንዲቀለን ሦስት ተማሪዎች ብቻ እንውሰድ። ለፈተና 1፣ 2 እና 3 ሰዓት አጠኑ፤ በቅደም ተከተል 50፣ 70 እና 60 አመጡ እንበል። የጥናቱ አማካይ 2 ሰዓት፣ የውጤቱ 60 ነው። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ከሁለቱ አማካዮች ያለውን ልዩነት እናባዛ፦

(−1)×(−10)=10
0×10=0
1×0=0

ድምሩ 10 ነው። ከተማሪዎቹ ብዛት አንድ ቀንሰን፣ ማለትም ለ2፣ ስናካፍለው 5 ይመጣል። ይሄ ነው ኮቫሪያንስ። ፖዘቲቭ መሆኑ ጥናትና ውጤት አብረው የመጨመር ዝንባሌ እንዳላቸው ይነግረናል።

ግን 5 ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? እስቲ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ቀይሩት። ኮቫሪያንሱ 300 ሆኖ ቁጭ ይላል! ተማሪዎቹም ጥናቱም ያው ናቸው፤ የተቀየረው መለኪያው ብቻ ነው።

ኮሪሌሽን ይህን ችግር ይፈታል። ኮቫሪያንሱን ለሁለቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኖች ብዜት ያካፍለዋል (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ ይለካል)፦

በሰዓት፦ 5÷(1×10)=0.5
በደቂቃ፦ 300÷(60×10)=0.5

መለኪያው ከላይም ከታችም ስላለ ተሰራረዘ። ኮሪሌሽን ሁልጊዜ ከ−1 እስከ 1 ባለው ውስጥ ስለሚያርፍ፣ የጥናትና የውጤትን ግንኙነት ከከፍታና ከሙቀት ግንኙነት ጋር እንኳ ማወዳደር ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ኮሪሌሽን የሚለካው ቀጥተኛ መስመር የሚመስል ግንኙነትን ነው። ዜሮ ሆነ ማለት ምንም ግንኙነት የለም ማለት አይደለም።

ከእንግዲህ አንድ ሰው "ኮቫሪያንሱ 300 ስለሆነ ግንኙነቱ ጠንካራ ነው" ካላችሁ፣ "በምን መለኪያ?" ብላችሁ ጠይቁት።