ስለ ሥራ ፈላጊ ዕድሜና ስለ ግል ምስጢር አጠባበቅ

ሰው ለሥራ ሲመረጥ ሊመረመር የሚገባው ዋናው ነገር ዕውቀቱ፤ ትጋቱና ታማኝነቱ መሆኑን የማያምን የለም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ቆም ብሎ የሚያነብ ሰው፤ ከትምህርቱና ከልምዱ ቀጥሎ «ዕድሜው ከ30 ዓመት ያልበለጠ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ያገኛል። ቃሉ አጭር ነው፤ የሚዘጋው በር ግን ብዙ ነው።

የዕድሜ ወሰን ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፤ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ለሕይወቱና ለጤናው ከሚያሰጋ ሥራ ይጠብቀዋል። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ አውሮፕላን የሚነዱ ሰዎችም 65 ዓመት ሲሞላቸው ቦታውን ለሌላ ይለቃሉ። በነዚህ ሁሉ የወሰኑ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይኸውም ልጁ እንዳይጎዳ፤ የተሳፋሪውም ሕይወት ለአደጋ እንዳይጋለጥ ነው። ለመዝገብ ቤት ጸሓፊ ወይም ለሒሳብ ሠራተኛ የ30 ዓመት ወሰን ሲደረግ ግን ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል የሚያጠግብ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዳቱ የሚደርስበትን ሰው እንመልከት። ፊደል ቈጥሮ፤ ዳዊት ደግሞ፤ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፤ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ጉባኤ እየተዘዋወረ ብዙ ዓመት የቈየ ተማሪ፤ ከዚያ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ጀምሮ ሲፈጽም 30 ዓመት ያልፈዋል። ልጆቿን አሳድጋ ወደ ትምህርት የተመለሰች እናትም እንዲሁ ናት። የደከሙበት ዘመን ዋጋ ሆኖ ሊቈጠርላቸው ሲገባ ዕዳ ሆኖ ይቈጠርባቸዋል።

ከዚህም የከፋው ነገር ወሰኑ ሐሰትን ማስተማሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት መዝገብ እንዲኖር ቢያዝም፤ ያ ክፍል ሳይሠራበት ቈይቶ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዛሬው ጐልማሳ ብዙው ዕድሜውን የሚያውቀው ከወላጆቹ ቃል ወይም ከክርስትና መዝገብ ነው። ዘመኑን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲያዛውሩትም የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት እየገባ፤ አንዱ ሰው በሁለት ወረቀት ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩ የተዘጋበት ሰው ዕድሜውን ቢቀንስ፤ የሕዝብ አገልግሎቱን በሐሰት ይጀምራል፤ ሐሰቱም እስከ ጡረታው ቀን ድረስ ይከተለዋል።

ሁለተኛው ነገር የግል ምስጢር ነው። የልደት ማስረጃ ቀኑን ብቻ አይናገርም፤ የትውልድን ስፍራ፤ የአባትንና የእናትን ስም ይገልጣል። 100 ሰው አመልክቶ አንዱ ቢቀጠር የ99ኙ ወረቀት በማን እጅ ይቀራል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት አስከብሯል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም፤ ስለ ሰው የሚሰበሰበው ነገር ለታወቀ ጉዳይ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። በአሜሪካም በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፤ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሠራተኛ ስለ ዕድሜው ብቻ እንዳይገፋ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። ሹሙ የዕድሜ ወሰን ሲያደርግ ምክንያቱን በዚያው ማስታወቂያ ላይ ይጻፍ፤ ምክንያት ካጣለትም ይሰርዘው። አመልካቹን 18 ዓመት መሙላቱን ብቻ ይጠይቀው፤ የልደቱን ቀን ለጡረታ መዝገብ የሚቀበለው ከቀጠረው በኋላ ይሁን፤ ያልተቀጠሩትንም ሰዎች ወረቀት ይመልስላቸው። ካህናትም የክርስትናውን መዝገብ በጥንቃቄ ይጠብቁ፤ ዕድሜ ቀንሱልን የሚሏቸውንም እሺ አይበሏቸው። ሁሉም በየድርሻው እንዲህ ቢያደርግ፤ መሥሪያ ቤቱ የበሰለ ሠራተኛ ያገኛል፤ ሥራ ፈላጊውም እውነቱን ተናግሮ ይገባል።