ስለ ድኻ መብትና ስለ ሹም ግዴታ፤ ከወሎ ረኀብ የተገኘ ትምህርት

ዝናም ሲቀር የሰማይ ነገር ነው፤ ሰው በረኀብ ሲሞት ግን የምድር ነገር ነው። ድርቅ በአንድ አገር ላይ በወደቀ ጊዜ ባለጠጋውም ድኻውም ከአንድ ሰማይ በታች ናቸው፤ ነገር ግን ባለጠጋው ጎተራውን ከፍቶ ወይም ከገበያ ሸምቶ ክፉውን ዘመን ሲሻገር፥ ድኻው ልጆቹን ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ የረኀብን ምክንያት የሚመረምር ሹም ደመናውን ከመመልከት አልፎ፥ መሬቱ በማን እጅ እንደ ሆነ፥ እህሉ ወዴት እንደ ተጫነ፥ የድኻውም አቤቱታ በማን ደጅ እንደ ቀረ ሊመረምር ይገባዋል። ለዚህም ነገር ደሴና ኮምቦልቻ በቂ ምስክሮች ናቸው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በደጋ የተቀመጠች፥ ኮምቦልቻም ከእርስዋ በሐረጎ ቁልቁለት ተወርዶ በቦርከና ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ትልቁ መንገድ በሁለቱ በኩል ያልፋል። በደጋው ያለ ገበሬ የበልግ ገብሱን ተስፋ ያደርጋል፤ በቆላው ያለው በመኸር ማሽላውንና ጤፉን ያገባል፤ ከዚያ በታች ያለው የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ከብቱን ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ አውጥቶ በዋጋው እህል ይገዛል። በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናም አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። ገበሬው በመጀመሪያ የዘር እህሉን በላ፤ ቀጥሎ በሬውን ሸጠ፤ በሬውንም ከሸጠ በኋላ ዝናም ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት አልነበረውም። በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ ወደ ትልቁ መንገድ ወረደ፤ በመንገዱም ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ ቍራሽ ይለምን ጀመር።

በዚያን ጊዜ በደሴ ገበያ የነበረው ኹኔታ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። በትውልዳቸው የህንድ ሰው የሆኑት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ስለ ኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ሊቅ አማርቲያ ሴን ይህን ረኀብ መርምረው በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፥ በወሎ ምርቱ ክፉኛ ቢወድቅም የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል የጎደለ አልነበረም፤ በደሴም ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ሕዝቡ በሚራብበት ወራት ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህል ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገበሬ ደመወዝ የለውም፤ ምግቡም ገንዘቡም ያው አዝመራው ነው። አዝመራው በጠፋ ጊዜ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አብሮ ያጣል። ነጋዴ ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ረኀብ ወዳለበት አይሄድም። አርብቶ አደሩም እንደዚሁ ሆነ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የከሳ ከብቱን ወደ ገበያ ባወጣ ጊዜ የከብት ዋጋ ወደቀ፥ በአንድ በሬ ዋጋ ቀድሞ ይገዛ የነበረው እህልም እጅግ አነሰ። በበጋ ከብቱን ያሰማራበት ከነበረው ከአዋሽ ዳር መሬት ብዙው አስቀድሞ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበርና የሚሸሽበት ግጦሽ አላገኘም። በሌላ ሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ደግሞ በደኅናው ዘመን እንኳ የባለመሬቱን ድርሻ ከከፈለ በኋላ ለክፉ ቀን የሚያኖረው ጥቂት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የተራበው ሰው ድምፅ አለመሰማቱ ነው። ከወሎ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ችግረኞች በፖሊስ እየተከለከሉ ወደ መጡበት እንዲመለሱ ይደረግ ነበር። ረኀቡ መኖሩን መናገር የመንግሥትን ስም እንደ ማጉደፍ ተቈጠረ። ዝምታውን የሰበሩት ሹማምንት አልነበሩም። በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ፤ መምህራኑና ተማሪዎቹም መዋጮ ማሰባሰብ ጀመሩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ የውጭ አገር እርዳታም ከዚያ በኋላ በብዛት መጣ። የሞተውን ሕዝብ ቍጥር ጸሐፊዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይገምቱታል፤ ዝቅተኛው ግምት 40,000 ያህል ሲሆን ከፍተኛው እስከ 200,000 ይደርሳል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የድኻን አቤቱታ ከደጅ መመለስ ለሹም ዕረፍት የሚሰጥ የሚመስለው ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ይህ ታላቅ ለውጥ ቢሆንም ብቻውን አልበቃም። ከ10 ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ተመልሶ በወሎ ላይ ወደቀ፤ ባቲም የብዙ ሺህ ችግረኞች ሰፈር ሆነች። በዚያን ጊዜ ገበሬው በመሬቱ ላይ የባለመሬት ጌታ አልነበረበትም፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ ችግሩን በነፃነት የሚናገርበት አፍ አልነበረውም፤ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በሚከበርበት ሰሞን ስለ ረኀቡ ማውራት አልተወደደም። መሬት ያለ ድምፅ፥ ድምፅም ያለ መሬት ድኻውን እንደማያድነው ሁለቱ ዘመናት አብረው ይመሰክራሉ።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ ድምፅዋን ከሰጠችባቸው ታላላቅ ሰነዶች አንዱ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው ስለ ሰው ልጅ መብት የወጣው መግለጫ ነው፤ በ25ኛው አንቀጽ ምግብ፥ ልብስ፥ መጠለያና ሕክምና ለሰው ሁሉ የሚገቡ መሆናቸው ተጽፏል። ከረኀብ ነፃ መሆንን መሠረታዊ መብት የሚያደርገውን የኤኮኖሚና የማኅበራዊ መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ40ኛው አንቀጽ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በ90ኛውም አንቀጽ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ምግብና ንጹሕ ውኃ ለሁሉ እንዲዳረስ መንግሥት እንዲተጋ ያዝዛል። የወሎን ረኀብ ያጠኑትና ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኀብ መጋለጥ መጽሐፍ የጻፉት የመልክዓ ምድር መምህር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት ሰዎች ዋናው መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረኀብን የመረመረ ሰው መጨረሻው ወደ መብት ጥያቄ ይደርሳልና።

በሌላም አገር ይኸው ሐሳብ ከድኾች መካከል ተነሥቷል። በድህነት ያደጉት የፈረንሳይ ቄስ ጆሴፍ ሬዚንስኪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 በፓሪስ አጠገብ ባለ የችግረኞች ሰፈር ውስጥ ከነዋሪዎቹ ጋር ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ሾርባ ማደል ብቻ ክብርን የሚያዋርድ መሆኑን ተናግረው ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት ትምህርት ቤት ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ከፈቱ። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በፓሪስ በትሮካዴሮ አደባባይ በተሰበሰበው ብዙ ሕዝብ ፊት፥ ከባድ ድህነት ባለበት ሁሉ የሰው መብት እንደ ተጣሰ የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ ተተከለ። የተባበሩት መንግሥታትም ያን ቀን፥ በፈረንጆች ኦክቶበር 17ን፥ በ1992 ዓመተ ምሕረታቸው ድህነትን የማጥፊያ ቀን አድርገው ሰየሙት።

ወሎ ግን እንዲህ ያለውን ማኅበር ከፈረንጅ የምትማር አገር አይደለችም። በደሴና በኮምቦልቻ፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር ሁሉ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተጽፈው ሬሳ ያነሣሉ፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ቤት ይሠራሉ፤ ለታመመው በደቦ ያርሳሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ደሴ በጐረፈ ጊዜ፥ የከተማው ሰው በየትምህርት ቤቱ ላረፉት ምግብ እያበሰለ ተቀብሏቸዋል፤ ጥቂት ቈይቶም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ራሳቸውን አገኛቸው። በመንደሩ ማን ጦሙን እንደሚያድር ከቅሬ አስቀድሞ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንድ ድኻ ብቻውን ሲጮኽ የማይሰማው ነገር ቅሬው በአንድነት ሲናገረው ክብደት ያገኛል።

አንዳንድ ሹማምንት ግን፥ ለድኻ መብቱ ከተነገረው ሥራ ይጠላል፥ ክርክርም ያበዛል ይላሉ። ይህ አነጋገር በሥራ ተፈትኖ ፈርሷል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የሴፍቲኔት ሥራ ጕልበት ያለው ችግረኛ እርዳታውን የሚቀበለው በእርከን፥ በመንገድና በውኃ ሥራ እየደከመ ነው፤ ሽማግሌው፥ ሕመምተኛውና ነፍሰ ጡርዋ ግን ያለ ሥራ ይረዳሉ። ተረጂውን የሚመርጠው የመንደሩ ሕዝብ ነው፤ ስሙ የተዘለለ ሰው አቤት የሚልበትም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በየቀበሌው ተደንግጓል። ስለዚህ መብቱን የሚያውቅ ድኻ ድንጋይ እየፈነቀለ አገሩን ያለማል፤ የሚከራከረውም ስሙ ያለ ፍርድ በተፋቀ ጊዜ ነው፤ ክርክሩም የተገባ ነው።

እንግዲህ በየዞኑና በየወረዳው ላሉት ገዥዎችና ሹማምንት፥ እንዲሁም መሬትና ቤት ላላቸው ሰዎች የሚከተለው ይገባቸዋል።

አንደኛ፥ የበልጉና የመኸሩ ኹኔታ እንደ ሆነው ይጻፍ፤ የጐደለውን ሞልቶ የጻፈ ጸሐፊ በሕዝብ ነፍስ ላይ ሐሰት እንደ መሰከረ ይቈጠር።

ሁለተኛ፥ የእህልን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የከብትን ዋጋና የቀን ሠራተኛን ዋጋ ከእህሉ ጋር አስተያይቶ በየሳምንቱ መመዝገብ ያስፈልጋል። በባቲ በአንድ ፍየል ዋጋ የሚገዛው እህል በተከታታይ ሲያንስ፥ ረኀብ ገና ሰው ሳይገድል መምጣቱን ይናገራል።

ሦስተኛ፥ የተረጂዎች ስም በአደባባይ ይነበብ፤ የቅሬ መሪዎች በንባቡ ይገኙ፤ ቅሬታ ሰሚውም የሹሙ ዘመድ ወይም ታዛዥ አይሁን። አቤቱታ ያቀረበች መበለት መልሱን በጽሑፍ ታግኝ፤ አቤት በማለትዋም ከመዝገብ አትፋቅ።

አራተኛ፥ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳው አስቀድሞ ይከፈል፤ ሕገ መንግሥቱ የሚለው በቅድሚያ ነው እንጂ በኋላ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ኮምቦልቻ እያደገች ስትሄድ በዳርቻዋ ያለው ገበሬ የእድገቱ ተካፋይ ይሁን እንጂ መክፈያው አይሁን።

አምስተኛ፥ መሬቱን በእኩል የሚያሳርስ ባለይዞታ ዘመኑ ሲከፋ ከድርሻው ይቀንስ፤ ቤት የሚያከራይም በክፉ ዓመት ኪራይ አይጨምር። ጎረቤቱ የተሰደደበት ባለሀብት በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስለትም የሚከራየውም አያገኝም።

በግብጽ ምድር 7 የረኀብ ዓመታት በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ የተረፈው አስቀድሞ የተነገረውን የሰማ ሹም ስለ ነበረ ነው፤ የተነገረውም ከእስር ቤት በወጣ ሰው አፍ ነበር። በወሎም የሚነገረው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካልተከበረ ሰው አፍ ነው፤ ከበልግ አብቃዩ ገበሬ፥ ከባቲ እረኛ፥ ከቅሬ ሽማግሌ፥ ከተማሪ። ይህን ቃል በደጁ ተቀብሎ በመዝገቡ የሚያኖርና በጊዜው ወደ በላይ የሚያደርስ ሹም፥ ለድኻው ምጽዋት አላደረገለትም፤ የሚገባውን ሰጠው።