የሚያስመርሩ የጨዋታ ደንቦች

በኢንተርኔት አማካይነት በቡድን ከሚካሄዱት የውጊያ ጨዋታዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ»፣ በ2013 የወጣው «ዶታ 2» እና በ2016 ለተንቀሳቃሽ ስልክ የተሠራው «ሞባይል ሌጀንድስ» በሰፊው የታወቁ ናቸው። የሦስቱም አካሄድ ተመሳሳይ ነው። አምስት ተጫዋቾች ከሌሎች አምስት ጋር ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በሜዳው ጫፍ አንድ ዋና ምሽግ ሲኖረው፣ ሁለቱን ምሽጎች የሚያገናኙት ሦስት መንገዶች በየርቀቱ በግንብ ይጠበቃሉ። በሐረር የሚኖር ተማሪ ጀጎልን በዓይነ ሕሊናው ቢያይ ነገሩ ይቀለዋል። አንደኛው ቡድን በምዕራብ ሸዋ በርን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ኤረር በርን ይዟል እንበል። በእርግጥ ሦስት መንገድ ብቻ ያለው ጀጎል ማንኛውንም የሐረር ልጅ ያስቃል፤ ለምሳሌ ግን ይበቃል። የተቃራኒውን ዋና ምሽግ ቀድሞ ያፈረሰ ቡድን ያሸንፋል።

መሸነፍ በማንኛውም ጨዋታ ያለ ነው። ተጫዋች አብዝቶ የሚመረረው ምንም ለማድረግ ሳይችል ሲሸነፍ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ባላጋራን ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ የሚያደነዝዝ ኃይል ያላቸው ጀግኖች አሉ። ሁለት ሴኮንድ በራሱ አጭር ጊዜ ነው፤ ሦስት ባላጋራዎች ተራ በተራ ሲያደነዝዙት ግን ተጫዋቹ የገዛ ጀግናውን ሞት ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው የለም። ከሞተም በኋላ ዳግም እስኪነሣ ይጠብቃል፤ ጨዋታው በገፋ ቁጥር የመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል።

በእግር ኳስ ግብ የተቆጠረበት ቡድን ኳሱን ከመካከል ይጀምራል፤ ያገባውም ቡድን በማግባቱ የእግር ፍጥነት አይጨመርለትም። በእነዚህ ጨዋታዎች ግን የገደለ ወርቅ ያገኛል፤ በወርቁ መሣሪያ ይገዛል፤ በመሣሪያውም እንደገና ይገድላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የታየ ትንሽ ብልጫ እያደር የማይደረስበት ይሆናል። የጨዋታዎቹ ሠሪዎች ይህን በመገንዘብ፣ ደጋግሞ የገደለውን ተጫዋች ለሚጥል ሰው ተጨማሪ ወርቅ እንዲሰጥ ደንግገዋል። «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ቡድን በድምፅ ብልጫ እጁን እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ከ15ኛው ደቂቃ ጀምሮ የሁሉም፣ ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ የአራቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች እምቢ ካሉ ሦስቱ ሳይወዱ ይቀጥላሉ።

በአገራችን ተጫዋቾች ላይ ይበልጥ የሚከብደው ግን ጨዋታ አቋርጦ የሚሄድን ሰው የሚቀጣው ደንብ ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ አንድ ሰው ከሄደ አራት ከአምስት ጋር መዋጋታቸው ነውና። በ«ዶታ 2» በጠቅላላው ከአምስት ደቂቃ በላይ ግንኙነቱ የተቋረጠበት ተጫዋች እንደ ከዳተኛ ይቈጠራል፤ ከቅጣተኞች ጋርም ተመድቦ የተወሰኑ ጨዋታዎችን እስኪያሸንፍ ድረስ ከዚያ አይወጣም። ማሽኑ ግን ተናዶ የወጣውን መብራት ከጠፋበት መለየት አይችልም። የጨዋታዎቹ ማዕከላዊ ኮምፒዩተሮች በውጭ አገር ስለሚገኙ፣ ከሐረር የተሰጠ ትእዛዝ የባሕር ጠረፍ አልፎ ይሄዳል፤ መልሱም እንዲሁ ተጉዞ ይመጣል። መብራትና መስመር ደህና በሆኑበት ቀን እንኳ በዚህ መዘግየት የተነሣ ተጫዋቹ ሸሸሁ ሲል ተመትቶ ይገኛል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በጨዋታ ላይ የነበረ ሰው ካለ፣ በማሽኑ ዘንድ ከሜዳ ከሸሸ ሰው የሚለየው ምንም ነገር አልነበረም።

«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ለዚህ ከፊል መፍትሔ አበጅቷል። አንድ ተጫዋች ገና ከጅምሩ ከጠፋ፣ የቀሩት ጓደኞቹ በሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ድምፅ ሰጥተው ጨዋታውን ያፈርሳሉ፤ ሽንፈትም አይመዘገብባቸውም። መብራት የጠፋበት ልጅ ግን ሽንፈቱንም ቅጣቱንም ብቻውን ይሸከማል።