ቃልና ፍቺው ሲተላለፉ

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ መናገር ግን ታፍራለች። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስትወልድ፣ ልጅቷ በጣም ደስ አላት። «ዛሬ አክስቴን እኔ ራሴ በአማርኛ ነው የማናግራት» አለች። ለወለደች ሴት ምን እንደሚባል ስልኳ ላይ ፈለገች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመደች፤ ከዚያ ደወለች።

አክስቷ ስልኩን ስታነሳ ልጅቷ ጥርት ባለ አማርኛ እንዲህ አለቻት፦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ!»

በስልኩ ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሰው ለሞተባት ሴት የሚባል የማጽናኛ ቃል ነው። በዚያ ላይ እህቴ አራስ ነበረች። አራስ ማለት በቅርቡ የወለደች ሴት ማለት ነው። በአገራችን ልማድ ለአራስ መርዶ አይነገርም። መርዶ የሞት ወሬ ነው። አራስ እንዳትደነግጥ ቤተሰቡ ወሬውን ደብቆ ያቆያል። ስለዚህ እህቴ ወዲያው የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ «ውጭ አገር ሰው ሞቷል፤ ከእኔ ደብቀውኛል።» «ማን ነው የሞተው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ነገሩን እስክታጣራ ድረስ ቤቱ ተረበሸ።

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። የእኔ ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ልጅቷ ያነበበችውን ገጽ ለቤተሰባችን ልጆች የሠራሁት እኔ ነኝ።

ስህተቱ የት ነበር?

ገጹ ሁለት ዓምድ ነበረው። ዓምድ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የጽሑፍ ክፍል ነው። በግራው ዓምድ የአማርኛ አባባሎች ነበሩ። በቀኙ ዓምድ ደግሞ እያንዳንዱ አባባል መቼ እንደሚባል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አባባሎቹ በተራ እነዚህ ናቸው፦

እንኳን አደረሰሽ — ለበዓል።
እግዚአብሔር ይማርሽ — ለታመመች ሰው፤ ስታስነጥስም ይባላል።
እንኳን ማርያም ማረችሽ — ለወለደች ሴት።
እግዚአብሔር ያጽናሽ — ሰው ለሞተባት።

በእኔ ኮምፒውተር ሰፊ ስክሪን ላይ ሁሉም በቦታው ነበር። የልጅቷ ስልክ ግን ጠባብ ነው። ሁለተኛው ፍቺ ረጅም ስለሆነ በስልኳ ላይ ሁለት መስመር ያዘ። ከእሱ በታች ያሉት ፍቺዎች በሙሉ አንድ መስመር ዝቅ አሉ። የአማርኛው ዓምድ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ «ለወለደች ሴት» የሚለው ፍቺ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከሚለው አባባል አጠገብ አረፈ። ልጅቷ ያየችውን በትክክል አነበበች። ያልተገናኙት ቃሉና ፍቺው ናቸው።

ይህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ገጾች ላይ በቀላሉ የሚደርስ ነገር ነው። አማርኛ ብዙ ሐሳብ በአንድ ቃል ይይዛል። «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይሆናል። የሁለቱ ፊደላት ቁመትም እኩል አይደለም። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው በራሳቸው እኩል አይሄዱም። የሚይዛቸው ነገር ይፈልጋሉ።

ዓምድ ብቻውን አይበቃም

የድረ ገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ ሲኤስኤስ ይባላል። የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙንና ቦታውን የሚወስነው እሱ ነው። ሲኤስኤስ ለረጅም ጊዜ ገጽን በዓምድ ለመክፈል የሚሆን የራሱ ዘዴ አልነበረውም። ስለዚህ ባለሙያዎች ራሳቸው ዝግጁ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። ከታወቁት አንዱ ናታን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «960 ግሪድ ሲስተም» ነው።

ስሙ እንደሚለው ገጹ 960 ፒክስል ስፋት አለው። ፒክስል በስክሪን ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ናት። መሣሪያው ይህን ስፋት በ12 ወይም በ16 ዓምድ ይከፍለዋል። በ12ቱ አከፋፈል እያንዳንዱ ዓምድ 60 ፒክስል ሲሆን፣ በግራና በቀኙ አሥር አሥር ፒክስል ባዶ ቦታ አለው። 80 በ12 ሲባዛ 960 ይሆናል። 12 የተመረጠው ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት እኩል ስለሚካፈል ነው። ለሁለት እኩል ክፍል ስድስት ዓምድ ለዚህ፣ ስድስት ዓምድ ለዚያ ትሰጣላችሁ።

እኔም ከልማድ የተነሳ ገጼን በዚሁ አስተሳሰብ ከፈልኩት፦ ስድስት ለአማርኛ፣ ስድስት ለእንግሊዝኛ። የሁለቱ ዓምዶች ጠርዝ ቀጥ ብሎ ታየኝ። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያውቀው ስፋትን ብቻ ነው። ስለ ረድፍ፣ ማለትም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄደው መስመር፣ ምንም አያውቅም። እያንዳንዱ ዓምድ ጎረቤቱን ሳያይ በራሱ መንገድ ይወርዳል።

የብራና ጸሐፊዎች ምን ያደርጉ ነበር?

ስህተቱን ሳስተካክል የድሮ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። ብራና ለጽሕፈት የተዘጋጀ ቆዳ ነው። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሳል። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣ ያለ ቀለም፣ ቆዳውን በመጫን ያሰምራል። መስመሩ ብራናው ላይ እንደ ትንሽ ቦይ ሆኖ ይቀራል። ዛሬም አንድ የብራና ገጽ ወደ ብርሃን ዘንበል ቢደረግ ብዙ ጊዜ መስመሩ ይታያል።

ብዙ የብራና መጻሕፍት በሁለት ዓምድ የተጻፉ ናቸው፤ በሦስት ዓምድ የተጻፉ ትልልቆችም አሉ። የዓምዱ ቁጥር ግን እንደ ጽሑፉ ይለያያል። በብዙ የብራና ዳዊቶች መዝሙሩ በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ውዳሴ ማርያም ደግሞ በሁለት ዓምድ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ አሰማመሩ ግን ይዘቱን ይከተላል። ጸሐፊው ወደ ታች የሚወርደውን የዓምድ መስመር ብቻ አያሰምርም፤ ፊደሉ የሚያርፍበትን አግድም መስመርም ያሰምራል። የእኔ ገጽ የጎደለው ይህ አግድም መስመር ነበር።

አዲሱ መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሳፋሪ በአንድ ወር ውስጥ ሲኤስኤስ ግሪድ የተባለውን ዘዴ መቀበል ጀመሩ። ይህ ዓምድንም ረድፍንም አብሮ ያሰምራል። ቃሉና ፍቺው በአንድ ረድፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፍቺው ሁለት መስመር ቢይዝ ረድፉ በሙሉ ይረዝማል፤ ቃሉም ቦታ ያገኛል። አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ብቻውን አይቀርም።

በኋላ ደግሞ ሰብግሪድ የሚባል ተጨማሪ መጣ። በግሪድ ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍል የራሱን መስመር ከመፍጠር ይልቅ የወላጁን መስመር ይወርሳል። ፋየርፎክስ በ2019፣ ሳፋሪ በ2022፣ ክሮም በ2023 ተቀበሉት። እኔ አሁን እያንዳንዱን አባባል ከነፍቺው በአንድ ሳጥን አስሬ፣ ሳጥኖቹ ሁሉ የገጹን ሁለት ዓምዶች እንዲወርሱ አድርጌያለሁ።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን የጽሑፉን ቅደም ተከተል መቀየሬ ነው። በፊት አባባሎቹን በሙሉ አንድ ላይ፣ ፍቺዎቹን በሙሉ ሌላ ቦታ ነበር የጻፍኳቸው። አሁን አንድ አባባል፣ ወዲያው ፍቺው፣ ከዚያ ቀጣዩ አባባል ይመጣል። ስልኩ በጣም ጠባብ ሆኖ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ቢሆኑ እንኳ ፍቺው ከቃሉ ሥር ይገኛል። ማየት ለማይችል ሰው ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም ሁለቱን አከታትሎ ያነባቸዋል።

እናንተም አማርኛ ስትማሩ የቃላት ዝርዝር ታዘጋጁ ይሆናል። ኮድ ባትጽፉም ይህን አስታውሱ፦ ቃላቱን በአንድ ዓምድ፣ ፍቺውን በሌላ ዓምድ ለየብቻ አትጻፉ። ሠንጠረዥ ሥሩና ቃሉንና ፍቺውን በአንድ ረድፍ አስገቡ። ባዶ ቦታ እየጨመራችሁ አታስተካክሉ፤ ስክሪኑ ሲቀየር ይፈርሳል። ለሰው ከመላካችሁ በፊት ደግሞ በትንሽ ስልክ ላይ አንብቡት።

ገጹን ካስተካከልኩ በኋላ የእህቴ ልጅ እንደገና ለመደወል ፈራች። «ብሳሳትስ?» አለችኝ። አብረን ስልኳ ላይ አየነው። ጣቷን ከፍቺው ወደ ቃሉ አስኬደች፤ ቀጥ ብሎ ደረሰ። ደወለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አክስቴ።»

«አሜን፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት እህቴ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ሕፃኑም ነቃ።