የኤደን ባሕረ ሰላጤን ማን ይጠብቃል? የመንግሥታት ትብብር በተግባር

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 15 ቀን 2008 ሲሪየስ ስታር የተባለው የሳዑዲ ዓረቢያ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁለት ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ እንደያዘ፣ ከኬንያ ጠረፍ ርቆ ሲጓዝ በሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች እጅ ወደቀ። መርከቡና 25 መርከበኞቹ የተለቀቁት በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ወር ነበር። ድርጊቱ ዓለምን ያስደነገጠው በጭነቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። በትናንሽ ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱ ጥቂት ታጣቂዎች ከጠረፍ በመቶዎች በሚቆጠር የባሕር ማይል ርቀት ላይ ይህን ማድረግ ከቻሉ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ቀይ ባሕር በሚዘልቀው መሥመር ላይ ከአደጋ ነፃ የሆነ መርከብ እንደማይኖር ግልጽ በመሆኑ ነው።

በዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳዮች ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2011 በሶማሊያ ወንበዴዎች የተፈጸሙ ጥቃቶች ቁጥር 237 ደርሶ ነበር። በ2012 ቁጥሩ ወደ 75፣ በ2013 ደግሞ ወደ 15 ወረደ። ይህ ለውጥ በአንድ ኃያል አገር ክንድ የተገኘ አይደለም። ሕግን፣ ቅኝትን፣ መረጃንና ፍርድን በየድርሻቸው ይዘው ከተንቀሳቀሱ በርካታ መንግሥታት ጥረት የመነጨ ነው። በመሆኑም መንግሥታት ዓለም አቀፍ ሰላምና ጸጥታን ለማስጠበቅ እንዴት እንደሚተባበሩ ለመረዳት የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጥሩ ማሳያ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር ሕጋዊ መሠረት ማስያዝ ነበር። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 100 መንግሥታት ውንብድናን ለማጥፋት እንዲተባበሩ ግዴታ ይጥላል፤ በአንቀጽ 105 ደግሞ ማንኛውም አገር ከየትኛውም መንግሥት የግዛት ውኃ ውጭ የወንበዴዎችን መርከብ ይዞ፣ ተጠርጣሪዎቹን በራሱ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ችግሩ የግዛት ውኃው ላይ ነበር። ሶማሊያ ከ1991 ጀምሮ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት ስላልነበራት፣ ወንበዴዎቹ ከጠረፍ 12 የባሕር ማይል ወደሚዘልቀው ክልል ዘልቀው ከገቡ በኋላ የሚከተላቸው አልነበረም። የጸጥታው ምክር ቤት ጁን 2 ቀን 2008 ባጸደቀው የውሳኔ ቁጥር 1816፣ ከሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጋር የሚተባበሩ አገሮች ወደ ግዛት ውኃዋ ገብተው ወንበዴዎችን እንዲከላከሉ ፈቀደ። ፈቃዱ የሶማሊያን ስምምነት የተከተለ፣ በጊዜ የተገደበና ለሌላ አገር የማይሠራ መሆኑም በግልጽ ተደንግጓል። የአገር ሉዓላዊነትና የጋራ ጸጥታ እንዳይጋጩ የተደረገው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ቅኝት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዲሴምበር 2008 አታላንታ የተሰኘውን ዘመቻ ጀመረ፤ ከዋና ሥራዎቹም አንዱ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለሶማሊያ ሕዝብ እርዳታ የሚያደርስባቸውን መርከቦች ማጀብ ነበር። በባሕሬን የሚገኘው የጥምር የባሕር ኃይሎች ዕዝ በጃንዋሪ 2009 ግብረ ኃይል 151ን አቋቋመ። ቻይና፣ ሕንድ፣ ሩሲያ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም የጦር መርከቦቻቸውን በየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሥር አሰማሩ። እነዚህ ኃይሎች አንድ አዛዥ አልነበራቸውም፤ በሌላ ጉዳይ የሚፎካከሩ አገሮችም በመካከላቸው ነበሩ። ሆኖም በባሕሬን በሚካሄድ መደበኛ ስብሰባ መኮንኖቻቸው ተገናኝተው የቅኝት ሥራቸውን ያቀናጁ ነበር። ቻይና፣ ሕንድና ጃፓን የአጀባ መርሐ ግብራቸውን እስከ ማጣጣም ደርሰዋል። የንግድ መርከቦችም ተበታትነው ከመጓዝ ይልቅ ለጥበቃ አመቺ ሆኖ በተወሰነላቸው የጋራ መተላለፊያ እንዲያልፉ ተደረገ።

ሦስተኛው መረጃ ነው። ሰፊውን ውቅያኖስ በጥቂት የጦር መርከቦች ብቻ መሸፈን አይቻልም። ስለዚህ የንግድ መርከብ አዛዦች እንቅስቃሴያቸውንና ያዩትን አጠራጣሪ ጀልባ ዱባይ ለነበረው የብሪታኒያ የባሕር ንግድ መረጃ ቢሮ ያሳውቁ ነበር። የመርከብ ኩባንያዎች በበኩላቸው የመርከቡን ዙሪያ በእሾሃማ ሽቦ ማጠር፣ ጥበቃ ማጠናከርና በአደጋ ጊዜ መርከበኞች የሚሸሸጉበትን ክፍል ማዘጋጀት ለመዱ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በኤፕሪል 2011 በዱባይ ያስተናገደችው ጉባኤም መንግሥታትንና የመርከብ ኩባንያዎችን በአንድ መድረክ አገናኝቷል።

የቀጣናው አገሮችም የበኩላቸውን ሰነድ አዘጋጁ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2009 የጸደቀውን የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ በዕለቱ ከፈረሙት ዘጠኝ አገሮች መካከል፣ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ በአብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ ሲሆን፣ ከእስያና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደዚያ የሚያመራ መርከብ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ማቋረጥ ግድ ይለዋል። መሥመሩ ሲታወክ የመድን ዋስትናና የማጓጓዣ ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪውም ዞሮ ዞሮ በነዳጁ፣ በማዳበሪያውና በስንዴው ዋጋ ላይ ይታያል። ደንቡ በጃንዋሪ 2017 በጅዳ ሲሻሻል የሰዎች ዝውውርንና ሌሎች የባሕር ላይ ወንጀሎችንም አካቷል። በርካታ ወጣት ኢትዮጵያውያን በደላሎች ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩትና ብዙዎችም ሕይወታቸውን የሚያጡት በዚሁ ውኃ ላይ በመሆኑ፣ ማሻሻያው ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አራተኛው ፍርድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተያዙ ተጠርጣሪዎች የሚዳኛቸው አገር በመታጣቱ ብዙ ጊዜ መሣሪያቸው ተወስዶ ይለቀቁ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኬንያና ሲሼልስ ከሌሎች አገሮች ጋር ተስማምተው ተጠርጣሪዎችን በፍርድ ቤቶቻቸው ማየት ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መከላከያ ቢሮ ለዳኞች፣ ለዐቃብያነ ሕግና ለማረሚያ ቤቶች ድጋፍ አደረገ፤ የተፈረደባቸውም ቅጣታቸውን በአገራቸው እንዲጨርሱ ወደ ሶማሊያ የሚዛወሩበት ሥርዓት ተዘረጋ። የያዘው አንዱ፣ የፈረደው ሌላው፣ ወጪውን የሸፈነው ሦስተኛው ነበር። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይሁን እንጂ ትብብሩ ወሰን ነበረው። የጦር መርከብ ወንበዴን ያባርራል እንጂ ሰውን ወደ ውንብድና የሚገፋውን ድህነት፣ ሥራ አጥነትና የመንግሥት መዳከም አያስወግድም። በሶማሊያ ውኃ ላይ ይካሄድ የነበረው ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርም የጠረፉን ነዋሪዎች ያስቆጣ ጉዳይ ነበር። ሥሩ በየብስ ላይ እስካለ ድረስ ቅርንጫፉ በባሕር ላይ ማቆጥቆጡ አይቀርም።

ይህም በተግባር ታይቷል። የጸጥታው ምክር ቤት ለዓመታት ሲያድሰው የቆየው ፈቃድ በማርች 2022 አበቃ፤ የመርከብ ኢንዱስትሪውም ቀጣናውን ለከፍተኛ አደጋ ከተጋለጡ አካባቢዎች መዝገብ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰረዘው። ዓመቱ ሳይጠናቀቅ፣ የዓለም ትኩረት በቀይ ባሕር ወደተፈጸሙት የመርከብ ጥቃቶች በዞረበት በዲሴምበር ወር፣ ሩየን የተባለችው የጭነት መርከብ ተጠለፈች። የሕንድ ባሕር ኃይል በማርች 2024 መርከቧን አስለቅቆ 17 መርከበኞችን በሕይወት ሲያተርፍ፣ 35 ወንበዴዎችንም በቁጥጥር ሥር አዋለ።

ከዚህ የምንረዳው የጋራ ጸጥታ አንድ ጊዜ ተገንብቶ የሚተው ሥራ አለመሆኑን ነው። ማሳ የሚጠብቅ ገበሬ ዝንጀሮው ለጥቂት ቀናት ስላልታየ ብቻ ማማውን ጥሎ አይወርድም፤ ዝንጀሮው የራቀው ጠባቂ በመኖሩ እንደሆነ ያውቃልና። በኤደን ባሕረ ሰላጤም ለዓመታት የሰፈነው ጸጥታ የጥበቃው ፍሬ ነበር። ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ባዞሩ ጊዜ ወንበዴዎቹ ለመመለስ ብዙ አልዘገዩም።